ስልኩ ዝም ሲል ወዴት ይኬዳል?

መርሳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ አንድ ግቢ፣ ገብስማ ቄብ ዶሮ እግሯን በሲባጎ ታስራ ሦስት ቀን አደረች። የተገዛችው ለበዓል አይደለም። የበዓል ዶሮ የሚመረጠው ደረቱ ተዳስሶ፣ ክብደቱ በእጅ ተመዝኖ ነው። ይችኛዋ ግን "ገብስማ ትሁን፣ እንቁላል ያልጣለች ትሁን" ተብሎ ታዝዞ የመጣች ናት። ይህን ትእዛዝ የሰማ የወሎ ሰው ሁሉ ዶሮዋ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል።

የገዛቻት እናት ስሟ ይቆይ። በሀብሩ ወረዳ እንዲህ ያለች እናት የሌለችበት ቀበሌ የለም ማለት ይቻላልና፣ አንዷን መጥራት ሌሎቹን መርሳት ይሆናል። ሰንበት የማታጎድል፣ የማርያም ማኅበርተኛ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምግብ ቀርቶ ከቡና ቁርስም የምትጠነቀቅ ሴት ናት። ልጇ ማሽላው ገና ሳይታጨድ "ሥራ ፍለጋ" ብሎ ወጣ። ለማን እንደሚሠራ፣ በየት በኩል እንደሚሄድ አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም።

ከመርሳና ከወልድያ አካባቢ ወጣቱ የሚወጣበት መንገድ የታወቀ ነው። በሐራና በጭፍራ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ገላፊ፣ ጅቡቲ። ኦቦክ ላይ ቀን ይቆጠራል። ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ የመን፣ ከየመን ደግሞ እስከ ሳዑዲ ድንበር ያለው ተራራ። ነሐሴ 15 ቀን 2015 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ዘገባ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከአንድ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን መግደላቸውን ገልጿል፤ ሳዑዲ ዐረቢያ አስተባብላለች። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመን አብያን ጠረፍ ላይ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ ሰጥማ፣ መጀመሪያ ላይ የተቆጠረው አስከሬን ብቻ ከ60 በለጠ። እንዲህ ያለው ዜና በሬዲዮ ሲነገር መርሳ ላይ ስንት እናት ሬዲዮኑን እንደምትዘጋና ስንቷ ድምፁን ከፍ እንደምታደርግ የሚያውቅ የለም። ሁለቱም አንድ ናቸው።

የዚህች እናት ልጅ ስልክ ለሁለት ወር ዝም አለ። ያን ጊዜ ነው፣ ዶሮዋ ሳትገዛ በፊት ማለት ነው፣ መጀመሪያ የሄደችው።

የወሰደቻት የማኅበር ጓደኛዋ ናት። "እታለም፣ ዝም ብለሽ ከምትቃጠዪ አንድ ጊዜ ጠይቂው። ማወቅ ኃጢአት ነው እንዴ?" አለቻት። ሰውየው ቆላ ውስጥ የሚኖር ባለ ውቃቢ ነው። ጫት ቃመ፣ ዕጣን አጨሰ፣ ቆይቶም ተናገረ፤ "ልጅሽ አለ። ውሃ ተሻግሯል። ጨለማ ቤት ውስጥ ነው። ድምፁን ትሰሚያለሽ።" ገንዘቡን ተቀበለና ሸኛት።

በዘጠነኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። የየመን ቁጥር ነበር። የልጇ ድምፅ ተሰማ፣ እያለቀሰ። ከዚያ የሌላ ሰው ድምፅ። ገንዘብ።

በሬው ተሸጠ፣ ከዘመድ ተለቀመ፣ ተላከ። "ለቀውኛል እማዬ" የሚል አንድ አጭር ጥሪ መጣ። ከዚያ እንደገና ዝምታ። አሁን ሦስተኛ ወሩን ይዟል።

እዚህ ላይ የተማረ ሰው የሚለው ይታወቃል። "ሰውየው ምን አዲስ ነገር ተናገረ? በዚያ መንገድ የወጣ ልጅ ሁሉ ውሃ ይሻገራል፤ አጋቾች እጅ የወደቀ ሁሉ ጨለማ ቤት ይታጎራል። ያን ለመናገር ውቃቢ አያስፈልግም።" እውነት ነው። ነገር ግን ይህ መልስ እናቲቱን አንድ ስንዝር አያንቀሳቅሳትም። ምክንያቱም ሰውየው ተናገረ፣ ሆነም። ቤተ ክርስቲያን ግን ስትጸልይ ምንም አልሰማችም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ የምታመዛዝን እናትን "ግምት ነው" ብሎ መመለስ አይቻልም።

መጽሐፍ ቅዱስ ከዚህ ይልቅ ከባዱን መንገድ ይመርጣል። በዘዳግም ምዕራፍ 13 ላይ ሕልም አላሚው የተናገረው ምልክት *ቢፈጸም* ምን ይደረግ የሚለው ነው የሚነሳው። ትንቢቱ ሐሰት ነውና አትስሙት አይልም። ተፈጽሞም ቢሆን አትከተሉት ይላል፤ አምላካችሁ እንደምትወዱት ሊያውቅ እየፈተናችሁ ነውና። የጣዖት ጥያቄ "ይሠራል ወይስ አይሠራም?" የሚለው እንዳልሆነ ይህ ምዕራፍ ካልተነበበ አይገባም። ብዙ ስብከት እዚህ ላይ ይስታል። ጠንቋይ ውሸታም ስለሆነ አትሂዱ ይባላል፤ ታዲያ አንድ ቀን የተናገረው እውነት ሆኖ የተገኘ እንደሆነ የሰባኪው ነገር አብሮ ይወድቃል። የማይኬደው ውሸታም ስለሆነ ብቻ አይደለም። የሌላ ስለሆነ ነው።

ከግብፅ የወጣው ሕዝብ ጥጃውን መቼ ነው የሠራው? ጠግቦ አይደለም፣ እግዚአብሔርንም ክዶ አይደለም። ሙሴ ስለ ዘገየበት ነው። ተራራ ላይ የወጣው ሰው ምን እንደ ደረሰበት ባለማወቁ ነው። አርባ ቀን ዝምታ። ዛሬ ዘጸአት 32ን መርሳ ላይ የሚያነብ ሰው፣ ያ ሕዝብ ስልክ የሚጠብቅ ሕዝብ እንደነበር ይታየዋል። ሌላም አለ። አሮን ጥጃውን ካቆመ በኋላ ያወጀው በዓል የእግዚአብሔር በዓል ተብሎ ነው። ለባዕድ አምላክ ተብሎ አልታወጀም። ጓደኛይቱም ባለ ውቃቢው ቤት ደጃፍ ላይ ስትደርስ አማትባለች።

ሳኦልም እንዲሁ ነው። ሙታን ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ከአገር ያባረረ እሱ ራሱ ነበር። ፍልስጥኤም ከፊቱ ሲሰፍር፣ በሕልምም በነቢይም መልስ ሲያጣ፣ ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ሄደ። ሊነጋ ሲል የሰማው ነገር ያው ተፈጸመ፤ ሞተ። ይኸው ሰው ከዚያ በፊት በአማሌቅ ጦርነት ምርጥ ምርጡን በግና በሬ "ለመሥዋዕት ነው" ብሎ አስቀርቶ ነበር፤ ሳሙኤልም ከመሥዋዕት ይልቅ መታዘዝ እንደሚበልጥ፣ አለመታዘዝም ከምዋርት እንደሚቆጠር ነግሮታል። ሁለቱ ታሪኮች ለየብቻ ስለሚሰበኩ የአንድ ሰው ሕይወት መሆናቸው ይረሳል። ያልታዘዘው ሳኦልና ጠንቋይ ቤት የሄደው ሳኦል አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ጊዜ ያንቀሳቀሰው ፍርሃት ነው። መጀመሪያ ሕዝቡን ፈራ፣ ኋላ ጦሩን።

ወሎ የእነዚህን ነገሮች ስም ጠንቅቆ ያውቃል፤ ውቃቢ፣ ቆሌ፣ አድባር፣ ዛር፣ ጨሌ፣ ጭዳ። ዝርዝሩ ረጅም ነው፣ ከዚህ በላይ መሄድ ግን ለአምልኮ ባዕድ ማስታወቂያ መሥራት ይሆናል። አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። የወሎ ክርስቲያን "ጣዖት" ሲባል የሙስሊም ጎረቤቱ መስጊድ ትዝ ካለው ተሳስቷል። በዚያው ግቢ የምትኖረው ሙስሊም ጎረቤት ገብስማዋን ዶሮ ባየች ጊዜ ያለችው ይህን ነው፤ "እትዬ፣ እዚያ ሰውዬ ዘንድ አትሂጂ። እኛም ዘንድ ሽርክ ነው። ለአላህ ተጋሪ ማበጀት። እኔ ዱዓ አደርግልሻለሁ፣ አንቺም በሃይማኖትሽ ለምኚ።" ወደ ባለ ውቃቢው የመራቻት የማኅበር ጓደኛዋ፣ አትሂጂ ያለቻት ደግሞ ሙስሊሟ ጎረቤቷ። ሃይማኖትን እንደ አጥር ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ሒሳብ ማወራረድ ያቅተዋል።

ደግሞም ጣዖቱ ሁልጊዜ ቆላ ወርዶ የሚፈለግ አይደለም። ክታብ የሚጽፈው፣ "ዓውደ ነገሥት" ገልጦ ኮከብ የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ ቅኔ የተቀኘ፣ ዜማ የተማረ፣ ቅዳሜ ማታ ማሕሌት የሚቆም ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን በትምህርቷ ታወግዘዋለች፣ ምእመኑ ግን ድንበሩን እንዴት ይለይ? ወደ ከተማ ደግሞ ሲመጣ፣ በቴሌቪዥን ዘይትና ውሃ የሚሸጥ ነቢይ አለ፣ ከመቁጠሪያውና ከመስቀሉ ተአምር ቆርሶ የሚያከፋፍል አጥማቂም አለ። ስሙ የክርስቶስ ነው፣ ንግዱ የባለ ውቃቢው። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የነሐስ እባብ የሰባበረው ለዚህ ነው። እባቡ ቅዱስ ታሪክ ነበረው፤ ሕዝብን አድኗል። ሕዝቡ ማጠን ሲጀምርለት ግን ሕዝቅያስ ታሪኩን አልቆጠረለትም።

እዚህ ላይ ስለት የሚነሳ ሰው ይኖራል። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ፣ ለግሸን ማርያም ጧፍና ዕጣን የሚሳል ሕዝብ ስለ ዶሮ ደም ምን አገባው የሚል። ጥያቄው ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ ስለት በእውነትም ከጭዳ የማይለይበት ጊዜ አለ፤ "ካልሰጠኸኝ አልመጣም" የሚል ስለት። ነገር ግን ሐናን ማየት ነው። ልጅ ለምና ተሳለች፣ የተሳለችውም ያንኑ ልጅ መልሳ መስጠትን ነው። ስለት በጥሩ ቁመናው እግዚአብሔርን አያስርም፤ ቢሰጥም ባይሰጥም አምላክ ነው። ጭዳው ግን ዋጋው ተተምኖ፣ ቀለሙ ተነግሮ፣ ከተከፈለ በኋላ ዕቃውን አምጣ የሚባልበት ነው። ሠለስቱ ደቂቅ እሳቱ ፊት ቆመው ለናቡከደነፆር የመለሱት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አምላካችን ያድነናል፣ ባያድነንም ግን አንሰግድም። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ይህ ታሪክ ይነበባል፣ ይዘመራል። "ባያድነን" የምትለዋ ቃል ላይ ቆም የሚል ሰባኪ ግን ብዙ አይገኝም። ሁሉም ወደ መውጣቱ ይቸኩላል።

ታዲያ ይህን ሁሉ በጉልበት ማጥፋት አይቻልም ወይ? ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ በሙሉ ኃይሏ ሞክራዋለች፣ የሞከረውም ንጉሥ ለዚህ አካባቢ ሩቅ አይደለም። የሀብሩ ደቡብ ጫፍ ሚሌ ወንዝ ነው፤ ከማዶው ደቡብ ወሎ ይጀምራል፣ በአምባሰል ግሸን ደብረ ከርቤ አለች። መስከረም 21 ከመርሳም ከወልድያም ምእመኑ ወደዚያ ይጎርፋል። ግማደ መስቀሉን እዚያ ያስቀመጡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይላል ትውፊቱ። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት እኚህ ንጉሥ ራሳቸው መጻሕፍት የጻፉ፣ ሃይማኖታቸውም የሚያጠያይቅ አልነበረም።

በዘመናቸው ሰው ደስቅና ዲኖ ለሚባሉ መናፍስት ይሠዋ ነበር። ንጉሡ አወጁ። እያንዳንዱ ክርስቲያን ግንባሩ ላይ የሥላሴን ስም፣ ቀኝ እጁ ላይ ሰይጣንን መካዱን፣ ግራ እጁ ላይ ደስቅን ክዶ የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ጽሕፈት እንዲይዝ ታዘዘ። እምቢ ያለ ንብረቱ ይዘረፋል፣ አካሉ ይቀጣል። ጠቋሚ በዛ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ እንደሚመሰክረው፣ በክፉ ሰዎች ክስ ከንጉሡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ሳይቀር ለጣዖት ሰገዳችሁ ተብለው ብርቱ ቅጣት የተቀጡና የሞቱ አሉ። ሰው ጎረቤቱን ፈራ፣ አባት ልጁን ተጠራጠረ። ንጉሡ ሲሞቱ ልጃቸው ዐፄ በእደ ማርያም የመጀመሪያ ሥራቸው ምሕረት ማወጅ ሆነ።

ደስቅ የሚለውን ስም ዛሬ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቦታውን ግን ሌላ ስም ይዞታል። ግንባር ላይ የተጻፈው ወደ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ነገር ተከሠተ፤ ለዚህ ጽሑፍ ከዘመቻው ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት፣ ለንጉሡ አንሰግድም አሉ። ስግደት ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ነው ብለው። ለሥዕልና ለመስቀል ስለ መስገድም ጥያቄ አነሱ፤ በዚህም መናፍቅ ተባሉ። ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ስግደትንና የጸጋ ስግደትን ለይታ ታስተምራለችና፣ በዚያ ነጥብ ላይ ከእነሱ ጋር የማይስማማ ብዙ ነው፤ መብቱ ነው። የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። ጣዖትን ለማጥፋት ሰይፍ የመዘዘው መንግሥት፣ "ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም አልሰግድም" ያሉትን መነኮሳት አስገረፈ፣ አፍንጫና ምላስ አስቆረጠ፣ በድንጋይ አስወገረ። ጣዖት አሳዳጁ ዙፋን ሳያውቀው ስግደት ጠያቂ ሆኖ ተገኘ። ገድላቸውን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ርእሱ "ደቂቀ እስጢፋኖስ በሕግ አምላክ" ነው። የፖለቲካ ዜና ሲከታተል የሚውል ሰው አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ጊዜ ካለው፣ ይኼ ይሁንለት።

ወሎ የራሱ ተመሳሳይ ቁስል አለው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲቀበል ካስገደዱ በኋላ፣ "ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም" የሚባል ሕይወት ተፈጠረ። በፍርሃት የተጠመቀ ሰው ለማን ነው የታዘዘው? ለእግዚአብሔር ወይስ ለጦሩ? ያን ጊዜ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ አልነበረም፤ ቁጥሩ ነበር የተፈለገው።

መታዘዝ ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ከወሎ መውጣት አያስፈልግም። አቡነ ጴጥሮስ የወሎ ጳጳስ ነበሩ። ፋሽስት ጣሊያን ሲያዛቸው የጠየቃቸው ነገር ትንሽ ይመስል ነበር፤ ለገዢው ተገዙ፣ አርበኞችን አውግዙ፣ ኑሩ። አብረዋቸው ጵጵስና ከተሾሙት አንዱ በኋላ ከጣሊያን እጅ ሊቀ ጵጵስና ተቀብሏል። እሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። ለጥጃ ስገዱ ያላቸው ሰው አልነበረም። ፍሩኝ ብቻ ነው የተባሉት።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ሲያዙ፣ እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ ስልክም መብራትም አልነበረም። ሆስፒታሉ ተዘረፈ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ እናቱ ትኑር ትሙት የሚያውቅበት መንገድ አጣ፤ እናትም እንዲሁ። ከዚያ ደግሞ በ2015 ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲመጣ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ይህ አካባቢ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ ዝምታ እንደ ወረደበት ለሚያስብ ሰው፣ ባለ ውቃቢ ደጃፍ ላይ ወረፋ መኖሩ አይገርመውም። ወረፋ ውስጥ ያልገቡት ናቸው የሚገርሙት፤ ስለ እነሱ ግን ማንም አይጽፍም።

አሁን ወደ መርሳ ግቢ።

እናቲቱ መጀመሪያ የሄደችበትን ለንስሐ አባቷ ተናግራለች። ያን ጊዜ የሰማችው ቁጣ ነበር። ቀኖና ተሰጣት፣ ስግደት ተቆጠረላት፣ ከቁርባን ተከለከለች። ቀኖናው ተገቢ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ይህን ነገር ቀላል አድርጋ ብታልፈው ኖሮ ራሷን ትክድ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልመጣም። ባለ ውቃቢው ዘንድ የሄደች ጊዜ ቢያንስ ሰውየው ስለ ልጇ ስም ጠይቋት ነበር። የንስሐ አባቷ አልጠየቁም። ይህ በእሳቸው ላይ ክስ አይደለም፤ ስንት የንስሐ ልጅ፣ ስንት የጠፋ ልጅ አለባቸው። ክፍተቱ ግን እዚያ ጋ ነው። ሰው ጣዖት ዘንድ የሚሄደው ጣዖቱን ወዶ ሳይሆን የሚሰማው አጥቶ ሊሆን ይችላል።

ዶሮዋ በታሰረች በሁለተኛው ቀን ማታ አባ በራቸው ሲያልፉ ጎረቤቲቱ ናት ጠርታ ያስገባቻቸው። ሙስሊሟ። "አባ፣ ገባ ይበሉ፣ ቡና ተፈልቷል" ብላ።

ገቡ። ዶሮዋን አዩ። ላባዋንም አዩ፣ ገብቷቸዋል። ምንም አላሉም። አቦሉ ተቀዳ።

"ልጁ ስሙ ማነው?" አሉ። የክርስትና ስሙን ነገረቻቸው።

"ከወጣ ስንት ጊዜው ነው?"

ነገረቻቸው። ስለ መጀመሪያው ጥሪ፣ ስለ በሬው፣ ስለ አጭሩ ጥሪ ነገረቻቸው። መሬት መሬት እያየች "አባቴ፣ እሱ ያለው ሆኗልኮ" አለች።

አባ ቆዩ። "ይሆናል። ሰይጣንም የሚያውቀው ነገር አለ ልጄ። አንቺ ግን የሚያውቅልሽን ነው ወይስ የሚያድንልሽን ነው የምትፈልጊው?" ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ ግን እናቲቱን ያነቃነቃት እሱ አይደለም። ቀጥለው ያሉት ነው፤ "እኔም የእኅቴ ልጅ በዚያ መንገድ ሄዷል። እስካሁን አናውቅም።"

ቶናው ተቀዳ። ያን ያህል ዝምታ ባለ ውቃቢው ቤት አልነበረም፤ እዚያ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይባላል።

በማግስቱ ሁለቱ ሴቶች አብረው ወልድያ ወጡ። አባ ያመላከቷቸው ነገር ነበር፤ ቀይ መስቀል የተጠፋፉ ቤተሰቦችን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው፣ በስደት መንገድ ላይ ድምፃቸው የጠፋም ይመዘገባል። ቅጽ ተሞላ። ሙሉ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ መጨረሻ የተሰማበት ቀንና ቁጥር። የልጁ ፎቶ ተሰጠ። ጊዜ እንደሚወስድ፣ ላይገኝም እንደሚችል ተነገራት። "ላይገኝ ይችላል" የሚለውን ቃል ከሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ባለ ውቃቢው እንደዚያ ብሎ አያውቅም። ሲመለሱ ስሪንቃ እስኪደርሱ ድረስ አለቀሰች፣ ጎረቤቷ እጇን ይዛ።

የማኅበር ጓደኛዋ ከቀናት በኋላ መጣች። "ቀጠሮው ኮ አለፈ እታለም። ሁለተኛ ላይቀበልሽ ይችላል።"

"ይለፍ።"

"ልጅሽን አትፈልጊም?"

ይህን ሲሏት ፊቷ ተለወጠ። ከዚህ የከፋ ንግግር ለእናት የለም። መልስ አልሰጠችም፤ ተነሥታ ቡናውን አማሰለች። ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች፤ ንጋት ላይ የታቦቱ ደወል ሲሰማ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ያን ቀን ቆላ የሚወርደው መኪና ያለፈው በቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነው፤ የረዳቱ ጥሪ እስከ ቅጥሩ ይሰማል። ማንም "በርቺ" አላላትም፤ ለምን እንደቆመች ያወቀ ሰው አልነበረምና።

ልጁ እስካሁን አልደወለም።

ዶሮዋ ከሲባጎው ከተፈታች ሰነባብታለች። ጎረቤቲቱ ባለፈው ሳምንት "እትዬ፣ ይህችን ዶሮ ለምን አትሸጫትም?" ብላ ጠየቀቻት። እናቲቱ ከማገዶው ጀርባ ወደ ተቀመጠው ጎጆ አመለከተች። "እንቁላል ጀምራለች" አለች፣ ስልኳንም መብራት ሳይጠፋ ልትሰካ ገባች።